እስስቷ የት ድረስ ትገኛለች? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ምን ሲሰራ እንደከረመ ለጠየቃችሁን ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ "እናንተ እስስት ፍለጋ ላይ ናችሁ አሉ" እያላችሁን በኮሪደር ለምታልፉ መምህራን፣ መልሱ አዎ ነው። እስስት ፍለጋ ላይ ነን፣ እንቀጥላለንም። ይሄ ስራ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ይሄን ዘገባ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝና ከዛ ባዮሎጂ ላብ መጥቶ ያናግረኝ፣ ካርታውን አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። በሀገራችን ብቻ የሚገኙ እንስሳት ሲባል ልጆቹ የሚጠሩት ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን፣ ጭላዳን ነው፣ ከዛ አይዘልም። እኔ ክረምት ላይ ስለ ባሌ እስስቶች ሳነብ ስለነበር ነገርኳቸው። ባሌ ተራሮች ደቡቡ ላይ ሐረና የሚባል ትልቅ ደን አለ፣ ቡና ራሱ በቅሎ ከጫካ የሚለቀምበት ነው፣ እዛ ደን ውስጥ የምትኖር አሁን ትሪዮሴሮስ ሐረኔ የምትባል እስስት አለች፣ ሳይንስ የመዘገባት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ሁለት ቀንድ ያላት ሌላ ዓይነት ከዛው ከሐረና ተመዘገበች። በዚህ አላበቃም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እነዚህ ልጆች ገና ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እያሉ ማለት ነው፣ ከባሌ ተራሮች ከሰሜኑ በኩል ሌላ አዲስ ዓይነት ተገለጸ። ይሄን ስጨርስ ራምላ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ባሌ ላይ እስካሁን አዲስ የሚገኝ ከሆነ ጋራ ሙለታ ላይስ ማን ፈልጓል?" አለችኝ፣ ከኛ ከሐረር በስተምዕራብ ያለውን ተራራ ማለቷ ነው። የዓመቱ ስራችን ከዛች ጥያቄ ነው የወጣው።

ስብሰባዎቹን ላሳጥራቸው። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን፣ ችግኝ ተከልን፣ ግቢ አጸዳን፣ እነዚህን ሁላችሁም አይታችኋል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ያቀረብነው ፕሮግራም ግን ትንሽ ይነገርለት ምክንያቱም ብዙ ሰው "እውነት ነው እንዴ" ብሎ ጠይቆናል። እውነት ነው። እስስት መርዝ የላትም። ቀለም የምትቀይረውም አብዛኛው ሰው እንደሚያስበው የተቀመጠችበትን ነገር ለመምሰል ብቻ አይደለም፣ ሲበርዳት ትጠቁራለች ሙቀት ለመሳብ፣ ወንዱ ሌላ ወንድ ሲያይ ይደምቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ዓይነት ላይ አጥንተው ቆዳዋ ውስጥ በጣም ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉና እንስሳዋ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ስትቀይር ቀለሙ እንደሚቀየር አሳይተዋል። ናትናኤል ይሄንን በማይክራፎን ሲያስረዳ ሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ ጸጥ ብሎ ነው የሰማው፣ ሰልፍ ላይ ጸጥታ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስራ። አንድ እንስሳ ብርቅ ነው ለማለት "አላየሁም" ማለት አይበቃም፣ የት የት እንዳለ በካርታ መቀመጥ አለበት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት ቀይ መዝገቡን ሲያዘጋጅ ካርታውን በ2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘን ይከፋፍልና እንስሳው የተገኘበትን ሳጥን ይቆጥራል፣ ሳጥኖቹ ተደምረው ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆኑና ደኑ መቆራረጡ፣ መመናመኑ ምናምን ሲጨመርበት ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። እኛም ያንኑ ሳጥን ወሰድን። የሒሳብ ክበብ ልጆች አግዘውን በትልቅ ወረቀት ላይ ከሐረር ዙሪያ ጀምሮ እስከ ጋራ ሙለታ ድረስ አሰመርን፣ (ለትብብሩ የሒሳብ ዲፓርትመንት እጅግ እናመሰግናለን) ከዛ እያንዳንዱ ልጅ ሲወጣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በስልኩ ጂፒኤስ ቦታውንና ከፍታውን፣ የተገኘችበትን ዛፍ እና ስንት ሰዓት እንደፈለገ ይጽፋል። እንስሳዋን መያዝ ክልክል ነው። ፎቶ ብቻ። ትክክለኛ ቦታውንም ሶሻል ሚዲያ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፣ እስስት በዓለም ላይ ተይዛ የምትሸጥ እንስሳ ስለሆነች ንግዷም በዓለም አቀፍ ስምምነት ነው የሚቆጣጠሩት።

እስስት የምትፈለገው ማታ ነው፣ ይሄን ወላጆችን ማስረዳት ነበር ከባዱ። ቀን ላይ ቅጠል መሃል ሆና አጠገቧ ቆመህ አታያትም፣ ማታ ግን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ስትተኛ ቆዳዋ ይነጣል፣ ባትሪ ስታበራባት ከሩቅ ትለያለች። ታዲያ ሐረር ላይ ልጆችን በምሽት ውጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፣ የኛ ከተማ ጅብ ሰው ባይፈራም እናት ትፈራለች። ስለዚህ ከወላጆች ጋር ተስማምተን ከተማው አጠገብ ባለው ኮረብታ በሐኪም ጋራ በኩል ስንወጣ ሁሌም የጥበቃው ጋሽ ተሾመና ቢያንስ አንድ ወላጅ አብረውን አሉ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ሁሉም ቤቱ ገብቷል። በዓመቱ ውስጥ አንድም ልጅ ላይ ምንም ነገር አልደረሰም፣ ይሄን በኩራት ነው የምጽፈው።

ጋራ ሙለታ የሄድነው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። በአወዳይ በሐረማያ አድርገን፣ ደርቆ ከርሞ ውሃ የያዘውን ሐይቅ ልጆቹ በመስኮት እየተጋፉ እያዩ፣ ከዛ ወደ ግራዋ ከተማ ዞርን። የታሪክ መምህራችን አብረውን ስለነበሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጅ ኢያሱ ነገሩን፣ የታሰሩት እዛው ጋራ ሙለታ ነው። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ግን ከላይ አልወጣንም፣ የኛ ጉዳይ ከታች ደኑ ጋ ነበር፣ ከጫት ማሳው በላይ ያለው ጽድ።

እዚህ ላይ ስለ አብዲ ልንገራችሁ። አብዲ ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፣ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን የሰማ መምህር ካለ ይንገረኝ። ክበቡ ውስጥም መዝገብ ያዥ ያደረግነው ጽሁፉ ስለሚያምር ነበር። እዛ ስንደርስ ግን አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ወጥተው ምን እንደምንፈልግ ሲጠይቁ ሁላችንም ወደ አብዲ ዞርን፣ እሱ ሄዶ እጃቸውን ሳም አድርጎ በኦሮምኛ ሲያወራ ሌላ ልጅ ነው የሆነው። ረጅም ሰዓት አወሩ። ሽማግሌው እየሳቁ መጀመሪያ፣ ከዛ ሳቁን ትተው በእጃቸው እያመለከቱ፣ እዚህ ነበረች፣ እዚያ ነበረች፣ ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ከጅረቱ ወዲህ ባለው ቁጥቋጦ በሙሉ እንደነበረች፣ ዛፉ ተቆርጦ ባህር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ ግን እዚያ ጋ አይተዋት እንደማያውቁ ነገሩት። አብዲ እያንዳንዷን ቦታ ካርታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። አንድ ሰው ከስልሳ ዓመት በላይ ያየውን ነገር አስራ ስድስት ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ ሲያሰፍርለት ቆሜ ማየቴ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ መጀመሪያ ደኑ ጋ ገባን። ብዙም ሳንቆይ ሰሚራ "ቲቸር ቲቸር ባትሪውን እዚህ!" አለች በሹክሹክታ። ከትከሻዬ ከፍ ብሎ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆና፣ ጭራዋን እንደ ምንጣፍ ጠቅልላ ተኝታለች። እግሯን በደንብ አየነው፣ ጣቶቿ ለሁለት ተከፍለው ሦስቱ በአንድ በኩል ሁለቱ በሌላ በኩል ቅርንጫፉን ጨብጠዋል፣ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ አትለቅም። ብርሃኑ ሲቆይባት አንዱን ዓይኗን ብቻ ከፍታ ወደኛ አዞረችው፣ ሌላኛው እንደተከደነ። ፎቶ አንስተን ባትሪውን ቶሎ አጠፋንላት። የሰሚራ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ክበቡን ስትቀላቀል እኮ የእስስት ስም ሲጠራ ወንበር የምትቀይር ልጅ ናት።

ከዛ ሽማግሌው ወደጠቆሙት ወደ ባህር ዛፉ ወረድን። ፈለግን፣ ፈለግን፣ ምንም የለም። ልጆቹ ደክሟቸዋል በርዷቸዋል፣ እኔም በቃ እንመለስ ልል ስል ናትናኤል መዝገቡን ወስዶ ሊዘጋው ሲል አብዲ ያዘው። "ዜሮውም ይጻፍ" አለ። ናትናኤል ምንም አላገኘንም እኮ ሲለው አብዲ ምን አለ መሰላችሁ፣ "ካልጻፍነው ያልሄድንበትና የጠፋችበት ቦታ እኩል ይሆናል።" ቆሞ በባትሪ ብርሃን ሰዓቱን፣ ስንት ሰው እንደፈለገ፣ የዛፉን ዓይነት ጻፈና ከጎኑ ትልቅ ዜሮ አደረገ። እኔ ይሄን ነገር ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ ብዬ አስብ ነበር፣ እንደዛ አድርጌ ግን ተናግሬው አላውቅም። አሁን ካርታችን ላይ ዜሮ ያለባቸው ሳጥኖች በቀይ ናቸው፣ ያልተፈለገባቸው ባዶ ነጭ ናቸው፣ የተገኘባቸው አረንጓዴ። የቀይና የነጭ ልዩነት የአብዲ ስራ ነው።

ፎቶዎቹን ለባለሙያ ልከናል። የእስስት ዓይነት ፎቶ አይቶ በቀላሉ አይለይም፣ የጭንቅላቷ ቅርጽ፣ የጀርባዋና የጉሮሮዋ ቅርፊት አደራደር ሁሉ ይታያል፣ ስለዚህ መልሱ እስኪመጣ ድረስ መዝገባችን ላይ "እስስት" ብለን ብቻ ነው ያስገባነው። አንዳንድ ልጆች አዲስ ዓይነት ነው ብለን እናውጅ ብለው ነበር፣ አይሆንም አልኳቸው፣ ገብቷቸዋል።

ያልተሳካውንም ልጻፈው። ወደ ሐረና ለመሄድ አቅደን ነበር፣ ልጆቹ የሐረናን እስስት በቤቷ እንዲያዩ፣ መኪና ቃል የገባልን አካል በመጨረሻው ሳምንት አልችልም ስላለን ቀረ። የበልግ ዝናብ ሁለት ምሽት አበላሽቶብናል። አንድ ስልክ ከነሙሉ ዳታው ውሃ ገብቶበት የአንድ ቡድን ስራ ጠፋ፣ ከዛ ወዲህ ሁሉም ነገር በወረቀትም ይጻፋል።

ስለ በጀት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ለስፖርት ክበባችን ማልያ ሲገዛ አጨብጭበናል፣ ይገባቸዋል፣ ዋንጫም አምጥተዋል። የኛ ክበብ ግን ዓመቱን ሙሉ የሰራው በልጆች ስልክ ባትሪ ነው፣ ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ጓደኛው ኋላ እየተከተለ ነው ሲፈልግ የከረመው፣ አብዲ ራሱ ስልክ የለውም። ለግራዋው ጉዞ የሚኒባሱን ነዳጅ ወላጆች አዋጥተው ነው የሸፈኑት፣ ማዋጣት ያልቻሉ ልጆች እንዳይቀሩ ሌሎቹ ደርበው ከፍለዋል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለአንድ ቡድን የሚሆን፣ አንድ ጂፒኤስ፣ ውሃ የማይገባበት የመዝገብ ደብተር፣ እና በሴሚስተር አንድ ጊዜ መኪና። ወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት) በሚቀጥለው ስብሰባው ከውስጥ ገቢው ላይ ይሄን እንዲያይልን ደብዳቤ አስገብተናል፣ ርዕሰ መምህራችንም እንደሚደግፉን ነግረውናል፣ እናመሰግናለን፣ እንጠብቃለን። ትምህርት ያስፈታል ለተባለው ደግሞ፣ የወጣነው ቅዳሜና ዓርብ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ብቻ ነው፣ የመገኘት መዝገቡ ቢሮ አለ፣ ማየት ይቻላል።

በ2018 ዓ.ም. የምንጀምረው ከነጮቹ ሳጥኖች ነው። በቁንዱዶ በኩል እና በጋራ ሙለታ በሌላኛው ጎን ገና አንድም ሰው ያልላክንባቸው ብዙ አሉ፣ ኤረር ሸለቆ ደግሞ ቆላ ስለሆነ እዛ የምትገኘው ሌላ ዓይነት ልትሆን ትችላለች። የቀድሞ ተማሪዎቻችን በየወረዳው አስተማሪም የግብርና ባለሙያም ሆናችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፣ እስስት ካያችሁ አትንኳት፣ ፎቶ፣ ቀን፣ የቦታው ስምና ምን ዛፍ ላይ እንደነበረች ላኩልን። ከሽማግሌ የሰማችሁትንም ጻፉ፣ "ድሮ ነበረች አሁን የለችም" የሚለውንም ጭምር። ካርታው ላይብረሪ በር አጠገብ ተሰቅሏል፣ መዝገቡ አብዲ ጋ ነው፣ ባዮሎጂ ላብ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው።