ሽማግሌ በሬና ቤቱን ያከፋፍላል፣ ልጁን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ስለ ጎዳና ልጆች ሲጽፉ ቤተሰብ የሌላቸውን ሰብስቦ ማሳደጊያ ማስገባት ነው መፍትሄው ብለው ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ መናኸሪያው አካባቢ የሚያድሩትን ልጆች ዳቦ ስገዛ አወራቸዋለሁ፣ እና ልንገራችሁ፣ ካወራኋቸው ውስጥ ዘመድ የሌለው አላጋጠመኝም፣ አንዱ አያት አለችው መንዝ፣ አንዱ አጎት አለው ሸዋ ሮቢት፣ አንዷ አክስት አላት አዲስ አበባ። ዘመዱ ሞልቷል፣ ሰብስቦ አንድ ቤት አስቀምጦ ይሄን ልጅ ምን እናድርገው የሚል ሰው ነው የጠፋው።

ከራሴ ቤት ልጀምር አላፍርም። ወንድሜ ሲሞት ሦስት ልጆች ነው የተወው፣ ሚስቱ አረብ አገር ነበረች፣ ለቀብር እንኳን አልደረሰችም። የአርባው ተዝካር ላይ ዘመድ ከያለበት መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሁለቱ በሬ፣ ስለ ቀረው የእቁብ እዳ ሲነጋገሩ ዋሉ፣ ጥሩም አድርገው ጨረሱት አልክድም። የልጆቹ ነገር ግን ያለቀው ጓዳ ነው፣ እኛ ሴቶቹ እንጀራ እየጋገርን፣ ጭስ እያስለቀሰን፣ አንቺ ትልቋን ውሰጃት ስራ ታግዝሻለች፣ መካከለኛው ሸዋ ሮቢት ይሂድ፣ ትንሹ አያቱ ጋ ይቅር፣ በቃ። ትልቋ ያኔ 12 ዓመቷ ነው፣ ጠላ እየቀዳች ሰማችንና አብረን ካልሆንን አልሄድም አለች። አንዱ አጎቷ «ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ አይገባም» ብሎ ዝም አሰኛት፣ እኔም ዝም አልኩ።

አምስት ወር አልሞላም፣ መካከለኛው ልጅ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ጣርማ በርን አቋርጦ መጣላችሁ፣ በዛ ብርድ በሸሚዝ። እኔ ቤት እንኳን አልመጣም፣ መናኸሪያ ነው ያገኘሁት። ይዤው ወደሚመለከተው ቢሮ ስሄድ የተቀበለኝ ሰውዬ ቀና ብሎም ሳያየን ወይ ውሰጂው ወይ ለማሳደጊያ እንጽፍለታለን አለኝ፣ አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ለአንድ ላም ፀብ እንኳን ሦስት ቀጠሮ ይሰጣል እኮ።

እዛው ግን አንዲት ወጣት ሶሻል ወርከር ነበረች፣ ኮሪደር ላይ ተከትላኝ መጥታ ስለ ኒውዚላንድ የነገረችኝ እሷ ናት። ኒውዚላንድ ማኦሪ የሚባሉ የአገሩ ጥንታዊ ህዝቦች አሉ፣ መንግስት ልጆቻቸውን ችግር አለባቸው እያለ ከቤታቸው እየወሰደ ማሳደጊያና ባዕድ ቤት ያስገባ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ልጅ የእናትና የአባት ብቻ ሳይሆን የአያቱም የአጎቱም የዘመዱ ሁሉ ነው የሚሉ ናቸው፣ ልክ እንደኛ። በ1988 (በእነሱ አቆጣጠር) ፑአኦ ቴ አታ ቱ የሚባል ሪፖርት ይሄን ሁሉ አፍረጠረጠው፣ በዓመቱ በ1989 ሕግ ወጣ፣ ልጅ ችግር ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ሰፊው ቤተሰብ ተጠርቶ ይምከር የሚል። ከዛ አሰራሩ ወደ አውስትራሊያ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሆላንድ ሄደ። እኛ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ፈረንጅ ሕግ አደረገው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ግን አንድ ነገር አለበት እኛ ጋ የሌለ።

ምን መሰላችሁ፣ ቤተሰቡን የሚሰበስብ አስተባባሪ አለ፣ እሱ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱን ዘመድ ለየብቻ ያናግራል፣ የተኳረፉትንም፣ ልጁንም። በቀኑ መምህሩ፣ የጤናው ሰው፣ የመንግስቱ ሰው የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ከዛ ተነስተው ይወጣሉ! ቤተሰቡ ብቻውን በሩን ዘግቶ ይመክራል፣ ሲጨርስ ይጠራቸዋል፣ እቅዱ ልጁን አደጋ ላይ የማይጥል ከሆነ ይቀበሉታል። የኛ ሽማግሌ ግን ቁጭ ብሎ እሱ ነው የሚፈርደው፣ የሚያስታርቀውም ትልቁን ከትልቁ ነው፣ ልጁ ደጅ ቁጭ ብሎ ፍርዱን ይጠብቃል።

ልጅቷ (ሶሻል ወርከሯን ማለቴ ነው) እኛንም እንደዛው ልትሰበስብ ለሁለት ሳምንት ለዘመድ ሁሉ ስልክ ስትደውል ከረመች። ያኔ ነው የገባኝ፣ ለካ አርባው ላይ ከእናትየዋ ወገን አንድም ሰው አልነበረም፣ አልጠራናቸውማ! ለርስት ሲሆን እስከ አቅኚው አባት ድረስ የምንቆጥር ሰዎች ለልጅ ግማሹን ዘመድ ረሳነው። የመጡት 17 ሰው ናቸው፣ አያትየው ቤት ተሰበሰብን፣ መምህሩ ስለ ትምህርታቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ትንሹ ሁለቴ ሳንባ ምች እንደያዘው ተናገሩና እኛ ፀሐይ እንሞቃለን ብለው ወጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጯጯህን። እናትየዋ በኢሞ ገብታ እያለቀሰች ነበር፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል ይመለሳል፣ በመሃል አንዷ አክስት ብሩን ማን በላው ብላ ያስነሳችው ፀብ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ከዛ ትልቋ ተጠየቀች። የተናገረችው ያኔ ጠላ ስትቀዳ ያለችውን ነው፣ ቃል በቃል፣ ልዩነቱ በዚህኛው ቀን ያ አጎቷ ራሱ አቀርቅሮ ሰማት።

እቅዱ በደብተር ወረቀት ተጻፈ። ሦስቱም አያታቸው ጋ፣ የሸዋ ሮቢቱ አጎት ልጅ መውሰዱ ቀርቶ በየአዝመራው ጤፍና ማሾ ይልካል፣ የእናትየው ወንድም የአያትየውን ማሳ ያርሳል፣ እኔ ደብተርና ዩኒፎርም፣ እናትየዋ በወር የምትልከው በአያትየው ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ይገባል። አያትየው ከታመሙ ማን እንደሚተካቸውም ተጽፏል። በየሦስት ወሩ ተገናኝተን ማን እንዳልፈጸመ በስሙ እንጠራዋለን፣ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ፣ ዩኒፎርሙን አዘግይቼ።

ለነገሩ ይሄ በሕጋችንም አዲስ አይደለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች የቤተ ዘመድ ጉባኤ የሚባል ነገር ነበረው፣ ፍቺም በቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር የሚታየው፣ የፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ሲመጣ ዳኞቹ ስልጣናቸውን አጡ፣ ምክንያትም ነበረው፣ ሴቷ ለዓመታት ትመላለስ ነበር። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ግን የልጁ ጥቅም ይቅደም ይላል፣ በ1984 በአዋጅ ያጸደቅነው የህጻናት መብት ኮንቬንሽን ደግሞ አንቀጽ 12 ላይ ልጁ በጉዳዩ ይሰማ ይላል። የውጪ ጉዲፈቻም በ2010 ተዘግቷል፣ ስለዚህ ልጆቹን እዚሁ በዘመድ ከማሳደግ ሌላ ብዙ በር የለንም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽንጤን ገትሬ ነው የምከራከረው። ይሄን ያነበበ ሰው ተነስቶ እንግዲህ ሁሉንም በቤተሰብ እንጨርሰው እንዳይል። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በእርቅ አይጨረስም፣ ጠላፊ በሽማግሌ ሚስት አይዳርለትም፣ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻም እንደዛው። የድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱን ይተውለት ነበር፣ የ1996ቱ ያን ሰርዞታል፣ እኛ ሰፈር ግን ካሳ በልቶ ዝም የሚል ቤተሰብ ዛሬም አለ። እዛ ላይ ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው፣ ቤተሰብ የሚሰበሰበው ልጅቷ የት ትረፍ፣ ማን አጠገቧ ይሁን ለሚለው ብቻ ነው፣ ያጠፋው ዘመድ ደግሞ እዛ ክፍል አይገባም።

ወደ ጸሐፊው ልመለስ፣ ማሳደጊያ ይዘጋ አላልኩም፣ በእውነት ማንም የሌለው ልጅ አለ፣ በተለይ ተፈናቅለው ወደኛ ከተማ ከመጡት ውስጥ። ግን ያ ሰውዬ ለማሳደጊያ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ለዘመድ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ይሰጠው ነው የምለው፣ የካርድ ብሩን እድራችንም ይችለዋል።

የኛ ቀጣይ ስብሰባ ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም ነው፣ አያትየው ቤት። መካከለኛው ልጅ አጀንዳ አስይዟል፣ ጫማ ይላል።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን