የካርታና ቅርስ ክበብ፦ በላይዳር ኦና መንደር ፍለጋ

የካርታና ቅርስ ክበብ ዘንድሮ ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ሲሠራ የከረመው አንድ ሥራ ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር በተለካ የመሬት ከፍታ፣ ማለትም በላይዳር፣ በእንግሊዝ ገጠር ከዓይን የተሰወሩ የጥንት ሰፈሮችን መለየት፤ ባለመሬቱ ሲፈቅዱም ማሳቸውን በብረት መፈለጊያ መፈተሽ። አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ መፈለጊያ ተሸክመው ሜዳ ለሜዳ የሚዞሩ መስሏቸው ነበር። የሥራው ዘጠኝ እጅ ግን ኮምፒውተር ላይ ያልቃል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

ላይዳር ብረት አያይም፤ የሚያየው የመሬቱን ቅርጽ ነው። አውሮፕላኑ የሌዘር ምት ወደ ታች ይለቃል፣ ምቱ ነክቶ የሚመለስበት ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ከፍታው ይሰላል። በዛፍ ቅርንጫፍ መሐል ሾልኮ መሬት የሚነካው ምት ለእኛ ወርቅ ነው። በረራው በብርዱ ወራት፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ መረጃውን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ለቆታል፤ በ2016 በተጀመረው አገር አቀፍ ልኬትም አገሩን በ1 ሜትር ጥራት አዳርሶታል ማለት ይቻላል።

የሚወርደው ፋይል 5 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለትም 25 ሚሊዮን ነጥብ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ዛፍና ቤት የተነሣለት ዲቲኤም እና ሁሉም እንዳለ የሚታይበት ዲኤስኤም። ሥራ የሚጀመረው በዲቲኤም ነው። ፋይሉ ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ግራጫ ብቻ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ቀለሙን የሚያከፋፍለው በፋይሉ ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ መካከል ነው፤ በሁለቱ መካከል 120 ሜትር ልዩነት ካለ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ከምን ይቆጠራል? ዝቅተኛና ከፍተኛው መጠን በማያ ገጹ ላይ ከሚታየው ቦታ ብቻ እንዲወሰድ ማዘዝ ይበቃል፤ ቦዩ ወዲያው ብቅ ይላል።

ቀጥሎ የጥላ ካርታ ይሠራል። ይህም መሬቱ ከአንድ ወገን ብርሃን ሲበራበት የሚጥለውን ጥላ የሚያሳይ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው የብርሃን አቅጣጫ 315 ዲግሪ (ከሰሜን ምዕራብ)፣ ከፍታውም 45 ዲግሪ ነው። አቅጣጫው ይቆይ፤ ከፍታው ግን ለተስተካከለ መሬት ወደ 15 ወይም 20 መውረድ አለበት፣ ጥላው የሚረዝመው ያኔ ነው። ቁመቱን ከ3 እስከ 5 እጥፍ ማጋነንም ያስፈልጋል። አንድ ካርታ ግን አይበቃም። ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር ትይዩ የተኛ ካብ ወይም መንገድ ጥላ ስለማይጥል ጭራሽ አይታይም፤ ስለዚህ ቢያንስ በአራት አቅጣጫ ማብራት ግድ ነው። ብርሃኑ ከደቡብ ሲመጣ ደግሞ ዓይን ይታለልና ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ መስሎ ይታያል። የተጠራጠረ ሰው በነጥቡ ላይ የከፍታ መስመር ቆርጦ፣ ማለትም ቦታውን የሚያቋርጥ መስመር ስቦ፣ በመስመሩ ላይ ያለውን የከፍታ ቁጥር ያንብብ።

ዓይን የሚሠለጥነው በታወቀ ቦታ ነው። ተማሪዎቹ የተለማመዱት በዮርክሸር በምትገኘው ዋራም ፐርሲ ነው። መንደሯ በመካከለኛው ዘመን ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ1500 ገደማ ቦታው ለበግ ግጦሽ ተፈልጎ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ተነሡ፣ ኦና ሆና ቀረች። ዛሬ ቆሞ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኗ ፍርስራሽ ነው። በላይዳር ግን የየቤቱ መደብ፣ የጓሮው ወሰን፣ በእግርና በጋሪ ብዛት የጎደጎደው መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዙሪያው የበሬ እርሻ ትልም አለ፤ ሞፈር የጎተቱት በሬዎች ጫፍ ላይ ሲዞሩ ሰፊ ቦታ ስለሚይዙ ትልሙ ተገልብጦ የተጻፈ የላቲን ኤስ ይመስላል። ቀጥ ያለና ጠባብ ከሆነ ግን የኋላ ዘመን፣ ብዙ ጊዜም የእንፋሎት ማረሻ ሥራ ነው።

ዓመቱን የበላው ማጣራቱ ነው። የጋዝ ቧንቧ የተቀበረበት መስመር ከሮማውያን መንገድ ጋር ይምታታል፤ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። ሮማውያን የሠሩት ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ ቦይ ያለው ነው፣ ቧንቧው ግን ብዙ ጊዜ ሰርጎ ነው የሚገኘው። ክብ ጉድጓድ ሁሉ የጥንት አይደለም፤ ለማሳ ማዳበሪያ ጭቃ የወጣበት ወይም የጦርነት ቦምብ የቆፈረው ይሆናል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የሚታዩ ሹል ሦስት ማዕዘኖች መሬት የነካ ምት በመጥፋቱ ፕሮግራሙ ራሱ የሞላቸው ናቸው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ዛፍና ቤት የሚያነሣው ማጣሪያ ትንሽ የመቃብር ጉብታ አብሮ ይጠርጋል። ዲኤስኤም የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያስቀመጣቸውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች ከላይዳሩ ጎን ለጎን ማየት ነው፤ ግማሹ «ግኝት» የተነቀለ አጥር ሆኖ ይገኛል።

ከመውጣት በፊት ቦታው በመንግሥት የተጠበቀ ቅርስ አለመሆኑ ይረጋገጣል። በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው የጥንት ቅርሶች ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት በተጠበቀ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መጠቀም ወንጀል ነው። ዋራም ፐርሲ ለማየት እንጂ ለፍለጋ አትሆንም። የባለመሬቱም ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚገኘው ነገር የማን እንደሚሆን ጭምር ተጽፎ።

ማሳ ላይ ብዙ የሚያሳስተው የቦታ መለኪያው ነው። ስልኩ የሚሠራበት የዓለም አቀፍ የቦታ ቁጥር ሥርዓት እና ካርታው የሚሠራበት የብሪታንያ ሥርዓት ሳይለወጡ ከተደባለቁ ነጥቡ 100 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ልጆቹ ጫፉ ብረት የሆነ ጫማ አያድርጉ፣ ስልካቸውንም ከመፈለጊያው ሳህን ያርቁ፤ ሁለቱም ያስጮኹታል። ሳህኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ዝግ ብሎ ይወዛወዛል፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍናል። ብዙ ሰው መፈለጊያው ለሚዝግ ተራ ብረት የሚያሰማው ድምፅ ሰልችቶት ይዘጋዋል፤ በእኛ ግምት ስሕተት ነው። የዛገ ሚስማር አንድ ቦታ ሲበዛ እዚያ ቤት እንደነበረ ይጠቁማል፤ ሳንቲምና ዘለበትም ከዚያው አካባቢ ይጠበቃል። የሚቆፈረው ትራክተር ባገላበጠው አፈር ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያልተነካ ነገር ከታየ ቁፋሮው ይቆማል፤ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ከሆነም ሳይነካ ፖሊስ ይጠራል። እያንዳንዱ ግኝት ለብቻው ከረጢት ይገባል፣ ቢያንስ ባለ 8 አኃዝ የካርታ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ያም 10 ሜትር ድረስ ያደርሳል።

በ1996ቱ የውድ ቅርስ ሕግ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ የሆነና ቢያንስ 10 በመቶው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። ነጠላ ሳንቲም በዚህ አይካተትም፤ ከአንድ ቦታ ሁለት የወርቅ ወይም የብር ሳንቲም ከተገኘ ግን ይካተታል። ከሐምሌ 2023 ወዲህ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖ ልዩ ታሪካዊ ጠቀሜታ ያለው የብረታ ብረት ዕቃም ተጨምሯል።

መፈለጊያውን ለእረፍት ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ የጠየቃችሁን ወላጆች፣ አይሞከርም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንም መቆፈርንም ይከለክላል። በየሐ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ የተባለችው የአክሱም ዘመን ከተማ እኮ በላይዳር አልተገኘችም፤ ጉብታውን ለተመራማሪዎች ያመላከቷቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ቁፋሮውም በ2011 እ.ኤ.አ. ተጀመረ።

ለሚቀጥለው ዓመት መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕና ማውስ ያምጣ፤ በጣት እየነካኩ የከፍታ መስመር መቁረጥ አይመችም። ኪውጂአይኤስና የመጀመሪያው ፋይል ቤት ተጭነው ይምጡ።