የአዲስ አበባን ሬዲዮ ታሪክ ለምትጽፊው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዲስ አበባን ሬዲዮ ታሪክ ከየት ልጀምር ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከአዋጅ ቁጥርና ከኃላፊዎች ስም ዝርዝር አትነሺ፤ ከሞገዱ ተነሺ። ጣቢያው ለማን ይናገር እንደነበር የሚነግርሽ ድምፁ የሚደርስበት ቦታ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ የጣልያን ጦር ድንበር ሊጥስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ ተጀመረ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ከተሞላው የላይኛው አየር ይነጥርና ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይወርዳል፤ ቅርብ ያለውን አድማጭ ግን ዘልሎት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የከተማው ሬዲዮ ነበር ብለሽ አትጻፊ፤ ትልቁ ጉዳይ ለዓለም መናገር ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው የክርስቲያን ጣቢያ ብሥራተ ወንጌልም ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹን የተከለው ባሕር ማዶ ላለው አድማጭ ጭምር ነው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሲለው፣ ያ ሁሉ ርቀት በአንድ ቀን እጁ ገባ።

ከተማው የራሱን ድምፅ ያገኘው በኤፍ ኤም ነው፤ 97.1 በ1992፣ ከግሎቹ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። ከተማው ውስጥ የቆመ ማሠራጫ ከእንጦጦ ጀርባ ላለችው ሱሉልታ በደንብ መድረስ ይቸግረዋል። መሀል ከተማም ቢሆን ሞገዱ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ከፎቅ ነጥሮ ሲመጣ ድምፁ ይሻክራል። ራስሽ ለመሞከር የ102.1 የሞገድ ርዝመት ሩቡ 73 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ያን ያህል ሽቦ በአንቴናነት መስኮት አጠገብ ዘርጊ፤ ቆርቆሮና ኮንክሪት ሞገድ ይጋርዳሉ።

አጭር ሞገዱ ለምን አንዳንዴ አይሰማም ነበር ብለሽ ሽማግሌዎችን ስትጠይቂ «መንግሥት አፍኖት ነው» የሚል መልስ ይበዛል። አፈና እርግጥ ነበር፤ ግን ቀን በደንብ የሚሰማ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ማታ በተፈጥሮው ሊዳከም ይችላል፣ ለቀን የሚሆነው ድግግሞሽ ብዙውን ጊዜ ለሌሊት አይሆንምና። ድምፁ ይመጣ ይሄድ ነበር ካሉሽ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያው ላይ የተቀመጠ የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ አፈናን ጠርጥሪ።

ሰዓትና ቀን ላይ ጥንቃቄ አይለይሽ። የድሮ የድግግሞሽ መጽሔቶች ሰዓት የሚሰጡት በግሪንዊች ነው፤ 17:00 ሲል በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከጳጉሜን 6 በኋላ ያለው ዓመት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይገፋል፤ የ1928 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነበር።

አብዛኛውን ጊዜሽን ግን ለቴፕ ስጪ፤ የጠፋን ድምፅ ወረቀት አይተካውም። ቴፕ እየተደመሰሰ እንደገና ይቀዳበት ስለነበር ከድሮው ሥርጭት የተረፈው ጥቂት ነው፣ እሱም እየሞተ ነው። ሪል፣ ማለትም የተጠቀለለ ቴፕ፣ ስታገኚ ወዲያው አታጫውቺ። አሽቺው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ እየፈረሰ ነው፣ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪው። ካልሸተተሽ ጎኑን ወደ ብርሃን ያዢው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው አሲቴት፣ የማያሳልፈው ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ነው። መለየቱ ግድ ነው፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ አንዳንድ ፖሊስተሮች ሙጫቸው እርጥበት ጠጥቶ ሲጫወቱ ይጮኻሉ፣ የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን ክፍል፣ በቡናማ ዝቃጭ ይሸፍኑታል። እነዚህን ባለሙያ በ50 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት አድርቆ ለጥቂት ሳምንታት እንዲጫወቱ ያደርጋቸዋል። አሲቴትን እንዲህ ካሞቁት ግን ያልቅለታል። ሙቀቱ አንድ ልክ ላይ ስለማይቆም በቤት ምድጃ አትሞክሪ።

ከእያንዳንዱ ሪል በፊት ሄዱን በ99 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል አጽጂ። የሬዲዮ ቤት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 360 ሜትር ቴፕ በዚህ 31 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ድምፁ ከቀጠነና ከተጣደፈ በግማሽ ፍጥነት የተቀዳ ነው። ድምፁ ከደበዘዘ የሄዱን ማዘንበያ ብሎን እስኪጠራ በጥቂቱ አስተካክዪ። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጪ በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል ቅጂ። ዋናው ቅጂ ላይ ጩኸት አታጽጂ፤ ማጽዳት በሁለተኛው ቅጂ ነው፣ ኤምፒ3 ለማድመጥ ብቻ ይሁን።

የሣጥኑን ጽሑፍ ከነስሕተቱ ገልብጪ፣ ግን አትመኚው፤ ሣጥንና ሪል ይለዋወጣሉ። ዘመኑን ከውስጡ ፈልጊ። ሣጥኑ 1965 ቢልም ተናጋሪው «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ካለ ያ ድምፅ ከመጋቢት 1969 በፊት የተቀዳ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱንም ዓመት ከነምክንያቱ መዝግቢ።

አባትሽ