ደንበኛውን ማን አከፋፈለው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሬዳዋ ውስጥ የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ። ዓመት በተዘጋ ቁጥር አለቆቻችን «ሴቶቹ ብዙ ዓረቦን (ደንበኛው ለመድን የሚከፍለውን ገንዘብ) አያስገቡም» ይሉናል። ያንገበግበኛል! ባለከባድ መኪናውና ባለፋብሪካው ለወንዶቹ ይሰጣል። ለእኛ የባጃጅ ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ባጃጁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን፣ ይተርፈናል። እሱንማ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስላደረገው ባለባጃጁ በራሱ እግር ይመጣል፤ ዓረቦኑም ትንሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደቻቱ ወንዝ አጠገብ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ቡና ጠጣሁ። የ1998ቱ ጎርፍ የእናቷን ሱቅ ባዶ እንዳስቀረው ነገረችኝ። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ነበር የምታወራው። «አንድ ወንድ ወኪል መጥቶ ነበር፤ ባልሽን ጥሪልኝ ብሎኝ ሄደ» አለች። ሱቁ የራሷ ነው! በሦስተኛው ቀን ፈረመችልኝ።

አለቆቻችን ሽያጩን ከማወዳደራችሁ በፊት ለማን ምን ዓይነት ደንበኛ እንደሰጣችሁ መዝገቡን ግለጡት።

የሽያጭ ወኪሏ፣ ከሳቢያን