ባትሪውን ከጉያሽ አትለዪው

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐሙስ ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች እንደምትወጡ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰምቼ ደስ አለኝ። ሁሉንም በስልክ ብነግርሽ ግማሹን እንደምትረሺው ስለማውቅ ከእቃው ጋር ይህን ደብዳቤ ልኬልሻለሁ። ሳትወጡ አንብቢው።

ካሜራ የለመድሽው እዚህ ሐይቁ ዳር ነው። በማለዳ የደንገል ታንኳዎቹን፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ሥር የሚሻሙትን ወፎች ስታነሺ፣ ባትሪውን ማታ ከሞላሽው ቀኑን ሙሉ ትውይበት ነበር። እዚያ እንደዚህ አይምሰልሽ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ያለው የቧሂት ተራራ ደግሞ 4,430 ሜትር ይደርሳል። አንድ ሺህ ሜትር በወጣሽ ቁጥር 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እኛ በሸሚዝ በምንቀመጥበት ሰዓት አንቺ ከ15 ዲግሪ በላይ በሚቀዘቅዝ አየር ውስጥ ነሽ ማለት ነው። ሌሊቱማ ውርጭ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ዲጂታል ካሜራ እጄ ከገባ ገና ዓመት ሳይሞላው ጨነቅ በሚባለው የሰሜን ተራሮች ሰፈር ድንኳን ተክለን አደርን። ካሜራውን ከነባትሪው በቦርሳ አድርጌ ከድንኳኑ ደጃፍ አጠገብ ትቼው ተኛሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አጃቢያችን ስካውቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ በአገጩ አመለከተኝ። ሦስት ወንድ ዋልያዎች፣ ቀንዳቸው ወደ ጀርባቸው የተቆለመመ፣ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ውርጭ የመታውን ሣር ይግጣሉ። አፋቸው ላይ እንፋሎቱ ይታየኝ ነበር። አንዴ አነሳሁ። ከዚያ የባትሪው ምልክት ቀላና ስክሪኑ ጠፋ። ሌላ ባትሪ አልያዝኩም። አለቀ ብዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ረፋድ ላይ መልሼ ስሰካው ከግማሽ በላይ እንዳለው አሳየኝ። አላለቀም ነበር፤ በርዶት ነበር። ያቺ አንድ ፎቶ ደብዛዛ ነች፤ ዋልያዎቹን ግን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አያቸዋለሁ።

ባትሪ ጉልበት የሚሰጠው በውስጡ ባለው ኬሚካል አማካይነት ነው፤ ሲበርደው ያ ሥራ ይንቀራፈፋል። ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያዢ፤ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ ሁለቱ ገላሽ አጠገብ ይሁኑ፣ እየቀያየርሽ ተጠቀሚ። ማታ ሁሉንም አውጥተሽ ከአንቺ ጋር ብርድ ልብሱ ውስጥ አሳድሪያቸው። ፓወር ባንኩንም እንደዚሁ። ያነሳሽውን ደግሞ ደጋግመሽ ስክሪን ላይ አትመልከቺ፤ ባትሪውን የሚበላው እሱ ነው። ዋይፋዩንም አጥፊው።

በዚያው ቀን ሌላም ጥፋት አጥፍቻለሁ። ማታ እንደበረደኝ፣ ካሜራውም እንደበረደው፣ ውሃ ወደሚፈላበት ማብሰያ ጎጆ ይዤው ገባሁ። ሌንሱ ወዲያው ጭጋግ ለበሰ፤ በፎጣ ብጠርገው ከውስጥም ገብቶ ኖሯል፣ እስከ ማግስቱ አልለቀቀም። አንቺ ይህን በደንብ ታውቂዋለሽ፤ ከፍሪጅ የወጣ ለስላሳ ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ እንዴት ነው የሚያልበው? ካሜራም ያው ነው። ወደ ሙቀት ከመግባትሽ በፊት ገና ውጭ ሳለሽ ባትሪውንና ሚሞሪውን አውጪ፣ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከተሽ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። ውሃው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አትፍቺው፤ ሚሞሪውን አስቀድመሽ ያወጣሽው ፎቶ ለማየት ብለሽ እንዳትከፍቺው ነው። ሌንሱን በትንፋሽሽ አትጥረጊ፣ እዚያ ብርድ ላይ ትንፋሽም ይረጋል።

ሀርድ ዲስኩን ግን እዚህ ተይው። የሚሽከረከር ዲስክ ነው፤ ማንበቢያው ዲስኩ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፣ ብዙዎቹ የተሠሩት ከ3,000 ሜትር ብዙም ሳያልፉ እንዲሠሩ ነው። ሳንቃበር ከሚባለው ሰፈር ገና ስትደርሺ ያን ከፍታ አልፈሻል። በሱ ፈንታ ሦስት አራት ሚሞሪ ያዢ፤ የሞላውን ለብቻ አስቀምጪ።

ስለ ብርሃኑ አንድ ነገር ብቻ። ውርጭ የለበሰ ሜዳ ስታነሺ ካሜራው ነጩን አመድ ያስመስለዋል፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ጭላዳዎቹን ለማንሳት ደግሞ በጨለማ አትነሺ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲወጣ ነው ወደ ሜዳው የሚመጡት። ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ እነሱ ሣሩን እየነጩ ይጠጉሻል።

ልጄ፣ አሁን የምጽፈው እንቅልፍ የነሳኝን ነው። እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ በሦስት በኩሉ ገደል ነው። ዓይንሽ ካሜራው ላይ እያለ አንዲት እርምጃ እንኳ እንዳትራመጂ፣ በተለይ ወደ ኋላ። መጀመሪያ ቁሚ፣ እግርሽ ያለበትን እዪ፣ ከዚያ አንሺ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ለአስጎብኚው ወዲያውኑ ንገሪው፤ እየባሰ ከሄደ በዚያው ሰዓት ውረጂ። ራስ ደጀን ሳትደርሺ ብትመለሺ እኔ አንድም ቅር አልሰኝም።

ከእቃው መካከል ነጭ ከረጢት ታገኛለሽ። እናትሽ ከአሮጌው ጋቢዬ ቆርጣ የሰፋችልሽ ናት፤ ሁለት ባትሪ በትክክል ትይዛለች፣ እኔ ለክቼ ሰጥቻታለሁ። ክሩን አንገትሽ ላይ አድርጊና ከሹራብሽ ሥር አውርጃት። ደባርቅ ስትመለሱ ኔትወርክ እንዳገኘሽ ደውዪልን።

አባትሽ