ሻይ መጠጣታቸው እውነት ነው፣ ግን ከሻይ በኋላ የሆነውን ላጫውታችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው፤ መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ቀጥሎ የሙት ዓመትና የጨረታ ማስታወቂያውን፣ ፖለቲካው ጊዜ ከተረፈኝ። ባለፈው እትም የስፖርት አምደኛችሁ ስለ ክሪኬት ሁለት መስመር ጣል አድርጎ አየሁ። «ነጭ የለበሱ ሰዎች አምስት ቀን ሻይ ሲጠጡ ከርመው ያለ አሸናፊ የሚለያዩበት ነገር» ይላል። ሳቅኩ። እውነቱን ነው፣ ሻይ ይጠጣሉ። ጨዋታው በደንቡ የሻይ ዕረፍት አለው። ያለ አሸናፊ የሚለያዩበትም ቀን ሞልቷል። ግን ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ከሻይ በኋላ የሆነውን ያየሁ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

በ1993 ዓ.ም. ሻርጃ ነበርኩ። ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው፣ ጎማ መፍታትና መግጠም። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል፤ እኔ፣ ሁለት የኬረላ ልጆች፣ አንድ ፓኪስታናዊና አንድ የካልካታ ሰው። የካልካታው ሰው በዕድሜ ይበልጠናል፣ ሁላችንም ወንድም ጋሼ እንደማለት «ዳዳ» ነበር የምንለው፣ የነሱ ቃል ነው። ክሪኬት ያስተማረኝ እሱ ነው። አስተማረኝ ስል መጫወቱን አይደለም፣ ማየቱን። ዓርብ ዓርብ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲጫወቱ እኔ መኪና ሥር የገባ ኳስ አውጪ ነበርኩ።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል። መቺው ከኋላው ሦስት እንጨት ተተክሎለታል፣ ኳሱ እንጨቱን ከነካ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ ይወጣል፣ በሰፈራችን ቋንቋ ተቃጠለ። ሌላም መውጫ አለው፣ ለዛሬ ይቅር። መቺዎቹ ኳሱን መትተው ወዲያና ወዲህ እየሮጡ የሚሰበስቡት ነጥብ ራን ይባላል። አሥር ሰው ሲወጣ ተራው ያልቃል። በአምስት ቀኑ ጨዋታ፣ ቴስት በሚሉት፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተራ አለው። ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ራን ማግባት ብቻውን አያሸንፍም። የሌላውን አሥር ሰው ማስወጣት አለብህ። ካላስወጣህና አምስተኛው ቀን ከመሸ፣ 300 ራን ብትመራም አቻ ነው። ስለዚህ ለተሸነፈ ቡድን እስኪመሽ መቆም ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አምደኛው «ያለ አሸናፊ» ብሎ የናቀው አቻ ስንት ሰው አጥንቱ እስኪዝል የሚታገልለት ነው።

አሁን ወደ ካልካታ። ሕንድና አውስትራሊያ፣ ኤደን ጋርደንስ ስታዲየም፣ ከመጋቢት 2 እስከ 6 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2001 መሆኑ ነው። ያኔ የአውስትራሊያ ቡድን ሰው አይደለም። 16 ቴስት በተከታታይ አሸንፎ ነው የመጣው። አሥራ ስድስተኛውን እዚያው ሕንድ፣ ሙምባይ ላይ፣ በሦስት ቀን ጨርሶ። እዚያ አዳም ጊልክሪስት የሚባል፣ ዱላውን እንደ መጥረቢያ የሚያወርድ ሰው፣ በ112 ኳስ 122 ራን አገባ። የጊልክሪስትን ስም ያዙልኝ። ካፒቴኑ ስቲቭ ዎ ሕንድን «የመጨረሻው ድንበር» ብሏት ነበር፤ አውስትራሊያ ከፈረንጆቹ 1969–70 ጀምሮ እዚያ ሄዳ ተከታታይ ውድድር አሸንፋ አታውቅም። ሕንድ በበኩሏ ዋና ወርዋሪዋ አኒል ኩምብሌ ተጎድቶ የለም። የተተማመኑት ሃርባጃን ሲንግ በሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነው።

ልጁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሃትሪክ ሠራ። ሃትሪክ እኛ በእግር ኳስ እንደምናውቀው ሦስት ጎል ሳይሆን በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት ሰው ማስወጣት ነው። ሪኪ ፖንቲንግ፣ ጊልክሪስት፣ ሼን ዋርን። በቴስት ታሪክ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ዳዳ ጎማ ጥሎ እየሮጠ መጣ። ግን ስቲቭ ዎ ቆሞ 110 አገባና አውስትራሊያ 445 ደረሰች። ሕንድ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ተፍረከረከች። 171። ግሌን ማግራ 18 ራን ብቻ ሰጥቶ አራት ሰው አስወጣ። ከሕንድ ሰው የሚባል ነገር ያሳየው በስድስተኛ ቦታ የገባው ላክስማን ነው፣ 59።

እዚህ ላይ ፎሎው ኦን የሚሉት ደንብ አለ። በመጀመሪያው ተራ በ200 ወይም ከዚያ በላይ ከተበለጥክ፣ ባላጋራህ ከፈለገ «ተመልሰህ ግባ» ሊልህ ይችላል። ልዩነቱ 274 ነበር። ስቲቭ ዎ ተመለሱ አላቸው። በዚህ ውሳኔው እስከ ዛሬ የሚወቅሱት አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ወርዋሪዎቹ ገና 60 ኦቨር እንኳ አልወረወሩም፣ ኦቨር ማለት ስድስት ኳስ ነው፣ ባላጋራው ወድቋል፣ ቡድኑ 16 ጨዋታ አሸንፏል፣ ማን ነው በዚያ ሰዓት «እስቲ ይረፉ» የሚለው? ከሆነ በኋላ መናገር ለሁሉም ቀላል ነው። ፓኪስታናዊው ጓደኛችን ግን ያኔውኑ «ነገ ያልቃል፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ ይቀየርልን» አለ። እሱ እርግጥ ለሕንድ የሚጫወተው ማን እንደሆነ እንኳ ማወቅ አይፈልግም፣ አውስትራሊያን የሚደግፈው ሕንድ ተጋጣሚ ስለሆነች ብቻ ነው። ቡና ከጊዮርጊስ ሲጫወት አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው።

ከዚያ ሕንዶች አንድ ነገር ለወጡ። አሠልጣኛቸው ጆን ራይት የኒውዚላንድ ሰው ነው፣ ካፒቴኑ ሱራቭ ጋንጉሊ የካልካታው የራሱ ልጅ። ላክስማንን ከስድስተኛ ወደ ሦስተኛ አመጡት፣ ሦስተኛ የነበረውን ራሁል ድራቪድን ወደ ስድስተኛ አወረዱት። ላክስማን ጀርባውን ያመዋል፣ ድራቪድ ትኩሳት ይዞታል። ድራቪድ ቦታውን መቀማቱ ሳያንስ ጋዜጠኛው ሁሉ ሲወርድበት የሰነበተ ሰው ነው። ሦስተኛው ቀን ሲመሽ ሕንድ 254 ለ4 ነበረች፤ 254 ራን፣ የወጡ 4 ሰዎች ማለት ነው። ከነዕዳዋ ስታዩት ገና ከአውስትራሊያ ሥር ናት፣ 20 ራን ይቀራታል። ላክስማን 109፣ ድራቪድ 7።

አራተኛው ቀን መጋቢት 5 ነው። ረቡዕ። የዓመቱ አቦ። እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ፣ አገሬ ብሆን ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለስ ነበር፣ እዚያ ግን ጎሚስታ ቤት ነኝ። አጠገባችን የማላባሮች ካፊቴሪያ አለች፣ ግድግዳዋ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ሌላው ሁሉ ወተት ያለውን ካራክ ይጠጣል፣ እኔ «ሱለይማኒ» እላለሁ፣ ጥቁሩን ሻይ። ዳሉንም ቅቤ አለው ወይ ብዬ ጠይቄ ነው የምበላው። ጎማ እቀይራለሁ፣ እጄን እጠርጋለሁ፣ ብቅ ብዬ አያለሁ፤ ሁለቱ ቆመዋል። ሌላ ጎማ እቀይራለሁ፣ ብቅ እላለሁ፤ ሁለቱ ቆመዋል። ምሳ በላን፣ ቆመዋል። ይሄ እኮ ነው ለአምደኛችሁ ማስረዳት የፈለግኩት፤ ውጤቱን በወረቀት ብቻ ብታዩት በዚያ ቀን ምንም «አልሆነም»፣ አንድም ሰው አልወጣም። ግን ቀኑን ሙሉ 335 ራን ሲጨመር፣ የዓለም ኃያል ቡድን ትከሻው ቀስ እያለ ሲወርድ ማየት እንዴት ልቤን እንደያዘው።

ዋርን በዚያ ዘመን ከሁሉ የሚፈራ ስፒን ወርዋሪ ነው፤ ኳሱን ከመቺው እግር ኋላ፣ መሬቱ የተቦጫጨቀበት ቦታ ላይ ጥሎ ወደ ውስጥ ያጥፋታል። ሌላ ሰው እንዲህ ያለችውን ኳስ በእግሩ ይከላከላታል። ላክስማን ግን ወጣ ብሎ፣ ከምትታጠፍበት ተቃራኒ፣ በባዶው ሜዳ በኩል ይሰዳታል። ደግሞ ስትመጣ በሌላው ጎን። ጉልበት የለበትም፣ የእጅ አንጓ ብቻ ነው፣ እንጀራ ከምጣድ እንደሚያነሳ ሰው። ዋርን በዚያ ተራ 152 ራን ሰጥቶ አንድ ሰው ብቻ ነው ያስወጣው። ድራቪድ ደግሞ መቶ ሲሞላ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ዱላውን ወደ ጋዜጠኞቹ ሳጥን ቀሰረው። ዳዳ «አየህ! አየህ!» እያለ ትከሻዬን ሲደበድበኝ ሻዬ ፈሰሰ። (ጋዜጠኞች ሆይ፣ ይህቺን ለእናንተ ብዬ ነው ያስገባኋት።)

አውስትራሊያ ያላትን ወርዋሪ ጨረሰች። ዘጠኝ ሰው ወረወረ! መወርወር ሥራቸው ያልሆነ፣ ሄይደን፣ ላንገር፣ ስሌተር ሳይቀሩ። ያልወረወሩት ከእንጨቶቹ ኋላ የሚቆመው በረኛው ጊልክሪስትና ካፒቴኑ ብቻ ናቸው። ሲመሽ 589 ለ4። ላክስማን 275፣ ድራቪድ 155። በነጋታው ላክስማን በ281 ወጣ፣ ለሕንድ ያኔ ከፍተኛው ነበር፣ የሱኒል ጋቫስካርን 236 አልፎ። ሁለቱ አብረው 376 ጨመሩ። ድራቪድ በ180 ሲሮጥ ኳሱ ቀድሞት ወጣ። ጋንጉሊ 657 ለ7 ላይ በቃን አለና ለአውስትራሊያ 384 ራንና 75 ኦቨር ሰጣት። የሚገርመኝ ነገር፣ ይህ ላክስማን በዓለም ዋንጫ አንድም ቀን ሳይሰለፍ ነው ጨዋታ ያቆመው።

እሺ፣ አሁን ሻዩ።

አምስተኛው ቀን ሐሙስ ነው። ሻይ ሲወጡ አውስትራሊያ 161 ለ3 ነበረች። ማሸነፉ አልተቻላትም፣ ግን ያለቀ ነገር ነው፣ አንዲት ክፍለ ጊዜ ቆሞ ማሳለፍ ብቻ ነው፣ ሰባት ሰው በእጇ አለ፣ ሄይደንና ስቲቭ ዎ ሜዳ ላይ ናቸው። ፓኪስታናዊው «አቻ፣ አቻ» እያለ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔም አለቃዬ ጠርቶኝ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ልፈታ ሄድኩ። የጭነት መኪና ጎማ ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ አይለቅም። ገና ብሎኑን እያላላሁ ከካፊቴሪያው ጩኸት ሰማሁ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ጩኸቱ አልቋረጥ አለ።

166 ለ3 የነበረው 174 ለ8 ሆነ። በ8 ራን አምስት ሰው! ስቲቭ ዎ ለሃርባጃን። ፖንቲንግ፣ እሱም ለሃርባጃን፣ ዜሮ። ከዚያ ሳቺን ቴንዱልካር ኳሱን ያዘ። ቴንዱልካር መቺ ነው፣ ሕንድ እንደ ጣዖት የምታየው መቺ፣ መወርወሩ ለትርፍ ነው። ጊልክሪስት ገባ፣ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ በመጀመሪያዋ ኳስ ወጣ። በመጀመሪያውም ተራ በሃትሪኩ የወጣው በመጀመሪያዋ ኳስ ነበር። ሙምባይ ላይ 122፣ ካልካታ ላይ ሁለት ኳስ፣ ሁለት ዜሮ። ከዚያ 67 የደረሰውን ሄይደንን፣ ከዚያ ዋርንን፣ ሁለቱንም ቴንዱልካር። ያኔ ወደ 100,000 ሰው ይይዝ በነበረው ስታዲየም ውስጥ የነበረውን ድምፅ ከሻርጃ ሆነንም የሰማነው ይመስለኛል፣ ቴሌቪዥኗ ድምፁን መሸከም አቅቷት ትንጫጫለች። እኔ የጎማ መፍቻውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ የመኪናው ሾፌርም አጠገቤ። ፓሽቱን ነው፣ ተቆጥቶ መጥቶ «ስንት ነው? ስንት ነው?» ማለት ጀመረ።

ግን ገና ሁለት ሰው አለ፣ ጊለስፒና ማግራ መምታት ሥራቸው አይደለም ግን ቆሙ፣ ኦቨሩ እያለቀ ነው። ጊለስፒ ወጣ። በመጨረሻ የሃርባጃን ኳስ እንጨቱን ልትመታ ስትል የማግራ እግር ከለከላት፣ ይህም መውጫ ነው፣ ዳኛው ጣቱን አነሳ። 212። ሕንድ በ171 ራን አሸነፈች። ሃርባጃን በሁለቱ ተራ 13 ሰው አስወጥቷል። ከፎሎው ኦን ተነስቶ ማሸነፍ እስከዚያ ቀን በቴስት ታሪክ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 1894 ሲድኒ፣ በ1981 ሊድስ፣ ሁለቱም ጊዜ እንግሊዝ፣ ሁለቱም ጊዜ በአውስትራሊያ ላይ። በኋላ በፈረንጆቹ 2023 ኒውዚላንድ ዌሊንግተን ላይ እንግሊዝን ራሷን በአንዲት ራን አቀመሰቻት። ከካልካታ በኋላ ቼናይ ላይም ሕንድ አሸንፋ ተከታታዩን ወሰደች፣ እሱም የሚያንቀጠቅጥ ነበር፣ ግን እኔ በሌሊት ፈረቃ ስለነበርኩ ተኝቼ አመለጠኝ።

ዳዳ ያን ዕለት ማታ ለክፍሉ ሁሉ ዓሣ ሠራ፣ በቤንጋል አሠራር፣ በሰናፍጭ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። እኔ አልበላሁም፣ ሽታው ግን እስካሁን አለ። ፓኪስታናዊውም መጣ፣ በላ፣ ደግሞ ጨመረ።

ዝግጅት ክፍሎች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰ አንባቢያችሁ ብዙ ነው፣ እዚያው ሆኖ በስልኩ የሚያነባችሁም አለ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ሰው ጋር ሲኖር ይህን ጨዋታ ለምዷል። ለፕሪሚየር ሊጉ ሁለት ሙሉ ገጽ አላችሁ፣ የተቀያሪ ተጫዋች ጉልበት ሕመም እንኳ ትዘግባላችሁ። ሕንድና አውስትራሊያ ሲገናኙ አንዲት መስመር ውጤት ጥግ ላይ ብትጥሉ ቦታ አያንሳችሁም። ሌላው፣ ባለፈው ፎቶ ሥር ከእንጨቶቹ ኋላ ጓንት አድርጎ የቆመውን ሰው «በረኛ» ብላችሁታል። አንድ ጓደኛዬ ስህተት ነው ብሎ ሊጽፍላችሁ ነበር፣ እኔ ተዉት አልኩት፣ ቃሉን ወድጄዋለሁ፣ እንዳትቀይሩት።

አክባሪያችሁ
ከሻርጃ የተመለሰ ጎሚስታ፣ አዲስ አበባ