ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦ ወርቁን ከመረከብህ በፊት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቅዳሜ መጥተህ እባብህን ወርቁን ወደ አዲሱ ቤትህ ወደ ሪችመንድ እንደምትወስደው ከነገርከኝ ወዲህ፣ በእነዚህ አምስት ወራት ስለ እሱ የተማርኩትን በጽሑፍ ላስረክብህ ወሰንኩ። በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ «በላ ወይ?» ትለኛለህ፤ እኔም «በልቷል» ወይም «አልበላም» ብዬ ወደ ሌላ ጨዋታ እናልፋለን። የአበላሉና የአያያዙ ነገር ግን በዚህ አጭር መልስ የሚያልቅ አይደለም፤ ደግሞም እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ አንድ ጉዳይ አለ።

ነሐሴ ላይ ያንን የመስታወት ሳጥን ታቅፈህ ስትገባ ምን ያህል እንደደነገጥኩ ታስታውሳለህ። በልጅነቴ አብራኝ ከብት የምትጠብቅ ጓደኛዬ በእባብ ተነድፋ ስትሰቃይ አይቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንተ ወደ ትምህርትህ ከሄድክ በኋላ እንኳ ለሁለት ሳምንት ያህል ወለል ላይ የወደቀ የቻርጀር ገመድ ባየሁ ቁጥር ልቤ ዝቅ ይል ነበር። ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአቡነ አረጋዊን ሥዕል እያየሁ፣ ጻድቁን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው ዘንዶ መሆኑን አስብና ራሴን አጽናና ነበር። በኋላ ስረዳ ወርቁም የዘንዶ ወገን ኖሯል፤ መርዝ የለውም፣ ምግቡን የሚይዘው ተጠምጥሞ ነው። አገሩም አፍሪካ ነው፤ ወገኖቹ ከሴኔጋል ጀምሮ በጋናና በናይጄሪያ አድርገው እስከ ኡጋንዳ ድረስ ይኖራሉ። እዚህ «ቦል ፓይተን» ያሉት ሲፈራ ራሱን መሐል አስገብቶ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፍርሃቴ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ተጠቅልሎ የማየው ከእኔ ይልቅ እሱ ፈርቶ ኖሯል።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። በመስከረም፣ ለመስቀል ሰሞን አክስትህ ልትጠይቀኝ መጣች። ወርቁ የበላው ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ነበር። እሷ ሳጥኑን ከሩቅ እያየች ስትንቀጠቀጥ፣ እኔ ደግሞ ፍርሃቴን ማሸነፌን ላሳያት ብዬ አወጣሁትና እጄ ላይ ይዤው ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሆዱ መሐል ላይ ያበጠው ቦታ በጣቶቼ መካከል ይሰማኝ ነበር፤ ያን ጊዜ መልሼ ላስገባው ይገባኝ ነበር። በዚያው ሌሊት አስመለሰው። ጠዋት ስነሳ ቤቱ በክፉ ሽታ ተሞልቶ፣ ግማሹ የተፈጨ አይጥ ጉዝጓዙ ላይ ወድቆ፣ እሱ ደግሞ በውኃ ሳህኑ ዙሪያ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ለተሳቢ እንስሳት ሐኪም ስደውልላት፣ እባብ ምግቡን ሲያስመልስ የሆዱ አሲድ አብሮ ስለሚወጣ ጉሮሮው እንደሚጎዳ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ምንም ሳልሰጠው ውኃ ብቻ እንዳስቀምጥለት፣ ከዚያም ከወትሮው ያነሰ ምግብ እንድሰጠው ነገረችኝ። ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላም ቢሆን አምስት ጊዜ አቅርቤለት አምስቱንም ጊዜ ፊቱን አዞረ። አንተ በፈተና ላይ ስለነበርክ «ደህና ነው» አልኩህ። ይቅር በለኝ፤ የእሱንም ሕመም የእኔንም ጥፋት ደብቄሃለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መብላቱና መነካቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን አጥብቄ ያዝኩ። በበላ በ48 ሰዓት ውስጥ ማንም ይምጣ ማን፣ እጅህ ወደ ሳጥኑ አይግባ። ሆዱ ላይ ያበጠው ገና ከታየህ ሦስተኛም አራተኛም ቀን ጠብቅ። አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው «እስኪ አሳየን» ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ እምቢ ለማለት አትፈር።

ስለ አበላሉ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል። ምግቡ ተገድሎ በበረዶ የቀዘቀዘ የአይጥ ግልገል ነው፤ ሕያው አይጥ ከቶ አትስጠው፣ የተጨነቀች አይጥ ጨቅላ እባብን ነክሳ ልታቆስለው ትችላለችና። መጠኑ ከሰውነቱ ወፍራም ቦታ ብዙም የማይበልጥ፣ በክብደት ደግሞ ከእሱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይሁን፤ ዛሬ 171 ግራም ስለሚመዝን 20 ግራም ገደማ የሚሆነው ይበቃዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚበላው። ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ አውርደህ በቀስታ ይቅለጥ፤ ማታ ዚፕ ባለው ላስቲክ ከተህ ሙቅ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አኑረው። ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገባው፤ ውጪው በስሎ ውስጡ በረዶ ይሆናል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ዶሮና ሥጋ ከማስቀምጥበት ፍሪዘር ጋር አላደባልቅም ብዬ የገዛሁትን ትንሹን ፍሪዘር አብረህ ውሰደው።

ሙቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ካልገባህ ትቸኩላለህና እሱን በደንብ ላስረዳህ። በላይኛው ከንፈሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ትናንሽ ቀዳዳዎች አይተሃቸዋል። በእነሱ የሌላውን ፍጡር የሰውነት ሙቀት በጨለማ ይለያል። ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ድንጋይ ነው። ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀች፣ በተለይ ራሷ የሞቀ አይጥ ግን ሕይወት ያላት ይመስለዋል። እኔ በጥቅምት አምስት ጊዜ የተሸነፍኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ውኃው ለብ ሲል አወጣት ነበር። ስድስተኛው ምሽት ላይ ራሷን ብቻ እንደገና ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ በወረቀት አድርቄ፣ መብራቱን አጥፍቼ በረጅሙ መቆንጠጫ አቀረብኩለት።

ያን ምሽት አልረሳውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ የሳሎኑ መብራት ጠፍቶ የኮሪደሩ ብቻ ይበራል። ከዋሻው ደጃፍ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ነበር። ምላሱ ቶሎ ቶሎ ሲወጣ የነበረው ቀስ እያለ ሄደ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ተጣጠፈ፣ ከዚያ እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን አይጧ ከመቆንጠጫው ላይ የለችም። ሦስት ጊዜ ዞሮባት ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ራሷን በአፍንጫው ፈልጎ አገኘና የመንጋጋውን አንዱን ወገን ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ሌላውን ወገን ወደ ፊት እያራመደ፣ በምግቡ ላይ እንደሚሄድ ሰው ዋጣት። ሲውጥ እንዴት እንደሚተነፍስ ይገርመኝ ነበር፤ የአየር ቧንቧውን ጫፍ ከአፉ ወለል ወደ ፊት ገፍቶ ያወጣዋል፣ እኔም በዓይኔ አየሁት፣ እንደ ትንሽ ቀሰም። ሲጨርስ ሁለት ጊዜ አፉን በሰፊው ከፍቶ መንጋጋውን አስተካከለ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ከመስቀል ጀምሮ አንድም እህል ያልቀመሰ ልጅ የበላልኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ እምቢ ሲልህ አትደንግጥ። የእሱ ዓይነት እባቦች በብርዱ ወራት ለሳምንታት፣ ትልልቆቹ ደግሞ ለወራት መጾም ይችላሉ። እምቢ ባለ ቁጥር በየቀኑ አትለማመጠው፤ አይጧን አንስተህ ጣል፣ ሳምንቱ እስኪሞላ ተወው። መታየት ያለበት ክብደቱ ነው። በየሳምንቱ ከመብላቱ በፊት መዝነው፤ ከክብደቱ ከአሥር አንድ እጁን ካጣ፣ ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ የሚታይ ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰደው። ከዚያ በፊት ግን ሳጥኑን መርምር፤ ብዙ ጊዜ እምቢታው ከቤቱ ነው የሚመጣው። ሞቃቱ ወገን 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት ለአንድ ሰዓትም እንዳይሠራ፤ ሆዱ ይቃጠላል። በሁለቱም ወገን ጠበብ ያለ መደበቂያ ይኑረው። ሰፊ ዋሻ ደግ ሥራ ይመስላል፤ እሱ ግን ጎኑና ጀርባው ግድግዳ ሲነካ ነው የሚረጋጋው።

ወደ አያያዙ ስመጣ፣ አዲሱ ቤት ከደረሰ በኋላ ለአንድ ሳምንት ውኃ ከመቀየር በቀር አትንካው፤ አንድ ጊዜ በልቶ ሁለቱ ቀን ካለፈ በኋላ ጀምር። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ቀስ በቀስም ሩብ ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። እጅህን ከላይ አታውርድበት፤ በዱር ከላይ የሚመጣበት አሞራ ነው። ከጎን ሆነህ፣ መጀመሪያ በተጠቀለለ ወረቀት ጀርባውን ነካ አድርገው፤ የመጣው ምግብ አለመሆኑን በዚያ ይረዳል። ከዚያ መሐሉን በአንድ እጅህ፣ ወደ ጅራቱ ያለውን በሌላው ደግፈህ አንሳው። አትጨብጠው። እሱ ይሂድ፣ አንተ እጅህን ከፊቱ እያቀደምክ መንገድ ሁንለት። ተጠቅልሎ ኳስ ከሆነ ለመፍታት አትሞክር፤ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ዝም በል። እኔ በታኅሣሥ አንድ ምሽት እንዲህ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ራሱን አውጥቶ በአውራ ጣቴና በመዳፌ መካከል አለፈና የሹራቤ እጅጌ ውስጥ ገባ። ወደደኝ አልልህም፤ የእባብ ልብ እንዲያ አይመስለኝም። ሰውነቴ መሸሽ የሌለበት ሞቃት ቦታ መሆኑን ግን ለምዷል፣ ለእኔ ይህ በቂዬ ነው።

ዓይኑ ደብዝዞ ሰማያዊ ሲሆን፣ ቆዳውን ሊለውጥ ነውና አታንሳው፤ በደንብ ስለማያይ ሁሉም ነገር ያስፈራዋል፣ ብዙ ጊዜም አይበላም። እርጥበቱን ከፍ አድርግለት፤ የተወው ቆዳ በአንድ ቁራጭ ካልወጣ የዓይኑ ሽፋን ቀርቶ እንደሆነ ተመልከት፣ ግን በጥፍርህ አትላጠው። ከነከሰህ ደግሞ እጅህን አትንጠቅ፤ ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ስትስብ አንተም ትቀደዳለህ፣ ጥርሱም ይሰበራል። ረጋ ብለህ ጠብቅ፣ ይለቃል፤ ቁስሉን በሳሙና እጠበው። እኔን የነከሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይጧን በነካሁበት እጄ ሳልታጠብ ውኃውን ልቀይር ስገባ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ከነካኸው በኋላም እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ እባቦች ጤነኛ ሆነው ሳለ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ተህዋስ ሊይዙ ይችላሉ። የውኃ ሳህኑን በወጥ ቤት ማጠቢያ አትጠብ። የእህትህ ልጅ ገና ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ስትመጣ በመስታወቱ ውስጥ ብቻ ትየው።

ልጄ፣ አንተ ገና 19 ዓመትህ ነው፤ እነዚህ እባቦች በደንብ ከተያዙ 20 እና 30 ዓመት ይኖራሉ። በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ከ60 ዓመት በላይ የሆናት አንዲት የእሱ ዓይነት እባብ እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል እንደጣለች ሳነብ፣ ለአንድ ሰሞን ብቻ የገዛኸው ፍጡር እንዳልሆነ ገባኝ። ሥራም ትዳርም ስትይዝ አብሮህ ይኖራል። አንድ ቀን ካቃተህ አውጥተህ ሜዳ ላይ እንዳትለቀው፤ ለእኔ መልሰው፣ እቀበለዋለሁ።

ቅዳሜ ስትመጣ መኪናውን አስቀድመህ አሙቀው። በጨርቅ ከረጢት አድርጌ፣ ከረጢቱን ፎም ባለው ሳጥን ውስጥ አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ በመንገድ ላይ አትክፈተው። የመጨረሻ ምግቡን ማክሰኞ ማታ በልቷል፣ ስለዚህ ለመንገድ ሆዱ ቀሎታል፤ የሚቀጥለውን ግን ለማክሰኞ አትቸኩል፣ ጥቂት ቀን አሳርፈውና ሐሙስ ወይም አርብ አቅርብለት። ክብደቱን በየሳምንቱ የጻፍኩበት ደብተር ከሳጥኑ ሥር ነው፤ የጥቅምቱን ገጽ ስታይ ቁጥሩ ለምን እንደወረደ አሁን ታውቃለህ። በርበሬ የምመዝንበትንም ሚዛን አብረህ ውሰደው፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ።

እናትህ